ከቤተ መጻሕፍቱ የገለበጥኩልህ ደብተር

ጅቡቲ፣ ግንቦት 11 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለድሮ ወዳጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከሙቀቱ በቀር የሚያማርረኝ የለም። እሱንም ታውቀዋለህ። ግንቦት ሲገባ ይህች ከተማ ምን እንደምትሆን ለአንተ አልነግርህም፤ የመኪናህን በር በጨርቅ ይዘህ ነበር የምትከፍተው።

አሥራ አራት ዓመት ዝም ያለች ሴት ዛሬ ምን አስነሳት ትል ይሆናል። ያስነሳኝ ያ የመንገድ ጓደኛህ ወሰኑ ነው። ባለፈው ሳምንት ጭነቱን ወደብ ላይ አራግፎ እዚህ ሰፈሬ ካርቲየ 5 ድረስ መጣልኝ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሳቁ ግን ያው ነው። ስለ አንተ እንዳያነሳብኝ ብዬ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሚሌ፣ ናጋድ ላይ ስለተሠራው ትልቅ የባቡር ጣቢያ ሳወራው ቆየሁ። "ባቡሩ በደንብ ከጀመረ እኛን ሾፌሮቹን ጡረታ ያወጣናል" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ራሱ ጀመረው። መንዳት እንዳቆምክ፣ አዳማ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ እንደከፈትክ፣ ሦስት ልጆች እንዳሉህ ነገረኝ። ከልቤ ደስ አለኝ።

ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና ስለ እግርህ ነገረኝ። በግራ እግርህ አውራ ጣት ሥር ቁስል ከወጣ ሁለት ወር አልፎታል አሉ። በጨውና በሙቅ ውሃ እየዘፈዘፍከው ትቀመጣለህ አሉ። መርፌውንም ሰልችቶህ ቀን እየዘለልክ ነው የምትወጋው አሉ። ይህን ስሰማ መቀስ ይዤ ነበርና ልሰፋ የተቀበልኩትን የሰው ቀሚስ አበላሸሁ።

ወሰኑ ግን በዚያ አላቆመም። "ስለ አንቺ ሲነሳበት አሁንም ያመዋል" አለኝ። "በሽተኛ መሆኔን ስታውቅ ጥላኝ ሄደች፤ ሰው አንዴ ከታመመ ለማንም እንደማይሆን ያስተማረችኝ እሷ ናት ይላል።"

ከዚያ ወዲህ ስፌቱም እንቅልፉም እምቢ አለኝ። ልክ ነህ፤ ብዬሃለሁ። በሽተኛ ማስታመም አልችልም ብዬሃለሁ፤ ቃሉ የእኔ ነው፤ አልክድም። ያልነገርኩህ ግን አለ። እሱን ለመንገር ደግሞ ከሥሩ መነሳት ይኖርብኛልና ታግሠህ አንብበኝ።

በ1991 መጨረሻ ከኮምቦልቻ ስመጣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ባሌ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ይህን አልደበቅኩህም፤ በተዋወቅን በመጀመሪያው ወር ነው የነገርኩህ። ሳንባ ነው አሉን፤ እኛም ሳንባ ነው ብለን ቀበርነው። እዚህ ማዳም ሂንድ ቤት ገባሁ። ማዳም ሂንድ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች፤ ቁጡ፣ ግን ቃሏ አንድ የሆነ ሴት። ልጆቿ ያነበቧቸውን መጻሕፍት በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ ለቤተ መጻሕፍቱ እየመለስኩ ሌላ የማመጣው እኔ ነበርኩ። የመኖሪያ ወረቀት ያልነበረን ልጆች አፈሳ እየፈራን በጥላ ጥላ ስንሄድ፣ እኔ በሐሙስ ቀን መሀል መንገድ ነበር የምሄደው። የፈረንሳይኛ መጽሐፍ የታቀፈችን ሴት መታወቂያ የሚጠይቅ ፖሊስ አልነበረም።

አንተም በዚያ መጽሐፍ ነው የያዝከኝ። ምኒልክ አደባባይ ካፌው በረንዳ ላይ ከወሰኑ ጋር ተቀምጠህ፣ በአማርኛ "እህት፣ ፈረንሳይ ሆነሽብን ነው?" ብለህ ጠራኸኝ። ልቆጣህ ዘወር ስል አንዱ መጽሐፍ ወደቀ፤ ተነስተህ አንስተህ በእጅጌህ አቧራውን ጠረግክልኝ። ዝሆን ኮፍያ አድርጎ ሽፋኑ ላይ ተስሏል። "ይሄንን ነው የምታነቢው?" አልክ፤ ሳቄ አመለጠኝ።

ፈረንሳይኛ ማንበብ እንደማልችል፣ እንደምፈልግ ግን የነገርኩህ በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው የዓርብ እረፍቴ ነው። አሥረኛ ክፍል ድረስ የተማርኩት እንግሊዝኛ ብቻ ነበር ያለኝ። በሚቀጥለው ጉዞህ ሽቶ ወይ ሻርፕ ታመጣልኛለህ ብዬ ስጠብቅ፣ ከአዲስ አበባ የእንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት ይዘህ መጣህ። ሰብሊ፣ ያቺ የዓርብ ክፍል ተጋሪዬ፣ "እንዲህም ዓይነት ፍቅረኛ አለ?" ብላ አንድ ሳምንት ስቃብኛለች። እኔ ግን ያን ቀን ነው የወደድኩህ።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ገብተህ አታውቅም። ስንት ጊዜ ና ብዬህ "እኔ በናፍታ እጄ?" እያልክ በር ላይ ትቀራለህ። አሥር ሰዓት ላይ ከቀትር እረፍት መልስ ሲከፈት፣ በሩን አልፈህ ስትገባ ቅዝቃዜው ላብህን ጀርባህ ላይ ያደርቀዋል። የወረቀትና የሰም ሽታ አለው። መጋረጃዎቹ ፀሐይ በልቷቸው አንድ በኩላቸው ነጥቷል። ወንበሮቹ ሲጎተቱ ይጮሃሉና ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ነው የሚቀመጥ። ዛሬም ሳስበው፣ በዚህች አገር ከኖርኩት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ጸጥ ብሎ ያረፈ ቦታ አላስታውስም።

የመጻሕፍቱ ጠባቂ ዓዚዛ ነበረች። ጅቡቲያዊት ናት፤ ልጅነቷን ግን ድሬዳዋ አሳልፋ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥን ነበር። መጀመሪያ የልጆቹን መጻሕፍት ይዤ እዚያው ቁጭ ብዬ ሳገላብጥ አይታ፣ "አቦ ተቀመጪ፣ ማን ይበላሻል!" አለችኝ። የፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን አወረደችልኝ። ያንተን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ከፈረንሳይኛው ወደ እንግሊዝኛው፣ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛው፤ አንዲት መስመር ለማንበብ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። በዓመቱ ዝሆኑን ጨርሼ ወደ ትልልቆቹ መደርደሪያዎች ተሻገርኩ። እኔ ደብዳቤ ስጽፍልህ አንተ በስልክ ትመልስልኝ ነበር፤ ከሚሌ ስትደውል "ዛሬ ስንት ቃል አወቅሽ?" ነበር የምትለኝ።

ደግሞ ያ 1995 መጣ።

ለጥር ሠርግ ቀጠሮ ይዘን ነበር። አብረን ከማደር እስክንጋባ እንቆይ ብለህ ያስቆየኸን አንተ ነህ፤ ሰብሊ በዚያም ስቃብናለች። መስከረም ላይ ስትመጣ ሸሚዝህ የሌላ ሰው መሰለ። ቀበቶህን በሚስማር ሦስት ቦታ አዲስ በስተኸዋል። ከተቀመጥን ሦስት ጠርሙስ ውሃ ጨረስክ። ጅቡቲ ውስጥ ውሃ የሚጠጣን ሰው ማን በሽተኛ ይለዋል? ከስቷል ብንል መንገዱ ነው፣ ደክሞታል ብንል ሙቀቱ ነው። እንዲያው እየሳቅክ፣ ድንበሩ ጋላፊ ላይ ጎማ ሥር ሸንተህ ስትመለስ ጉንዳን ወርሮት እንዳገኘኸው፣ "የዚህ አገር ጉንዳን እንኳ ምን ያህል ተጠምቷል" ያልከኝ በዚያው ሰሞን ነው።

በጥቅምት ያንኑ ካፌ ተቀምጠን "ሠርጉ ይቅር፤ ለምን አትበይኝ፤ ሌላ አግቢ" አልከኝ። አለቀስኩ፤ ሰደብኩህ፤ ሌላ ሴት አለችህ አልኩህ። መጨረሻ ላይ ነው ዓይንህን ጠረጴዛው ላይ ተክለህ "ጀንበሬን አይተሽው የለ? እኔም እንደ ጀንበሬ ነኝ" ያልከው።

ጀንበሬን አይቼዋለሁ። ፔካ ዱዝ የከባድ መኪኖቹ ማቆሚያ ላይ፣ ፍራሽ ላይ ተኝቶ፣ ያ ግዙፍ ሾፌር ሕፃን አክሎ። በዚያን ጊዜ የበሽታውን ስም አንጠራውም ነበር። ተመርመር ብልህ "ሳላውቅ ልሙት፤ ካወቅኩ መንዳትም አልችል" አልከኝ። በማግስቱም ጭነህ ሄድክ።

እኔ ምን ማድረግ እችል ነበር? የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሐሙስ እስኪደርስ ጠብቄ ሄድኩ።

መደርደሪያው መጨረሻ ላይ ለቤተሰብ ተብሎ የተዘጋጀ፣ አራት ጥራዝ የሕክምና መጽሐፍ ነበር፤ ከባድ ስለሆነ ይሁን ውድ፣ ከዚያ አይወጣም። ዓዚዛን ለመንኳት። "ያንቺ ነው ጥያቄው ወይስ የማዳምሽ?" አለችኝ። የእጮኛዬ ነው አልኳት። ተሸክማ አመጣችልኝ።

መጀመሪያ የገለጥኩት ያንን የማንጠራውን ነው። ምልክቶቹን አንድ በአንድ ወደ አማርኛ ገለበጥኩ፤ መክሳት፣ ድካም፣ ትኩሳት፣ ላብ፣ ሳል፣ የማያቆም ተቅማጥ። ግን ስጽፍ ስጽፍ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ አንተ አላሳለህም። ትኩሳት የለህም። ሆድህም ደህና ነው። በሌላው ሐሙስ ደግሞ መክሳትን ብቻ ይዤ ከኋላ ወዳለው ማውጫ ሄድኩና ወደ የትኞቹ ገጾች እንደሚመራ ተከታተልኩ። ማውጫው ስምንት ቦታ ይልካል። ስምንቱንም አነበብኩ። ለዚያ ሦስት ሐሙስ ፈጀ፤ የማዳም ልጆች "መጽሐፋችን ዘገየ" እያሉ ያለቅሳሉ።

ስድስተኛው ላይ ነው "ጥማት" የሚለው ቃል የመጣው። ቀጥሎ ቶሎ ቶሎ መሽናት። ቀጥሎ እየበሉ መክሳት። ከዚያ በታች፣ ስኳር ከሽንት ጋር ይወጣል ይላል። ያ ጉንዳን ትዝ አለኝ! ከወንበሬ ብድግ ስል ወንበሩ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

የበሽታውን መነሻ ስፈልግ አንድ ቃል አልፈታ አለኝ። መዝገበ ቃላቱ የማያሳምን ፍቺ ሰጠኝና ዓዚዛ ዘንድ ሄድኩ። "ቆሽት ነው አቦ! ቆሽቴ አረረ የምትሉት!" ብላ ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋን ዋጠችና ቁምነገር ነገረችኝ፤ መጽሐፍ ሰው አይመረምርም አለችኝ። "ይህ የሚያገለግልሽ ለሐኪም ምን እንደምትጠይቂ እንድታውቂ ነው። ደግሞ ሁልጊዜ መቼ እንደታተመ እዪ። ይሄ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ስለ በሽታው የሚለውን ልታምኚው ትችያለሽ፤ ስለ መድኃኒቱ የሚለውን ግን ከአዲሶቹ መጽሔቶች ጋር አስተያዪው።" ያን ቃል ያኔ ልብ ብዬ አልሰማሁትም። በኋላ ግን ነፍሴን ያተረፈው እሱ ነው።

በመካከሉ አንድ ነገር ደረሰብኝ፤ ለአንተ አልነገርኩህም። ማዳም ሂንድ ፍራሼን ስታነሳ ወረቀቶቹን አገኘቻቸው። አማርኛውን አታነብም፤ ግን በዳሩ የበሽታውን ስም በፈረንሳይኛ ጽፌበት ነበር። ጠርታ "ታመሻል?" አለችኝ። እኔ አይደለሁም፣ እጮኛዬን ፈርቼ ነው ብዬ እግሯ ላይ ወደቅኩ። አላባረረችኝም። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ኩባያዬ ተለየ። ሰማያዊ ኩባያ ነበር፤ ማጠቢያው ጥግ ለብቻው ታስቀምጠዋለች፤ ልጆቿ ሊስሙኝ ሲመጡ ትጠራቸዋለች። በሳምንቱ ሁለተኛውን ዝርዝር ሳስረዳት አመነችኝ። አፈረችም መሰለኝ፤ በእኔ ስም የቤተ መጻሕፍት ካርድ አወጣችልኝ። የራሴ ፎቶ ያለበት፣ በዚህ አገር መጀመሪያ የያዝኩት መታወቂያ። ደስታዬን አልደብቅህም። ኩባያውን ግን አልረሳሁም።

በኅዳር መጨረሻ ስትመጣ ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኩልህ። መጀመሪያ ተቆጣህ፤ "እኔን በመጽሐፍ ታክሚኛለሽ?" አልክ። ጉንዳኑን ሳነሳብህ ወረቀቱን ከእጄ ወስደህ አየኸው። ቆሽትህ ነው የታመመው ስልህ ደግሞ "እሱማ በአንቺ ነው ያረረው" ብለህ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅክ። ካፌው ሙሉ ሰው አይቶናል። ያን ሳቅህን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

እሺ ያልከው ግን በአንድ ነገር ነው፤ "ብቻዬን አልገባም፤ አብረን እንመርመር" አልክ። እኔስ ምን አለብኝ ብዬ፣ እንዲያውም እየቀለድኩ፣ ክንድህን ይዤህ ገባሁ።

መልሱን ልንወስድ የሄድንበት ቀን ማክሰኞ ነበር። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ተቀብቷል። መጀመሪያ አንተን ጠሩህ። ወጥተህ "ሐኪሟ ብዙ አወራችኝ፤ ሁሉንም ዊ ዊ አልኳት፤ ምንም አልገባኝም" ብለህ ወረቀትህን ሰጠኸኝ። ልገልጠው ስል የእኔን ስም ጠሩ። ወረቀትህን እንደያዝኩ ገባሁ።

ሐኪሟ ወጣት ነበረች። በዝግታ ነበር የምታወራው፤ ፈረንሳይኛ የማልችል መስሏት ቃሎቹን ትደጋግምልኛለች። አንድም ቃል አልጠፋኝም። ሁሉንም ከመጽሐፉ አውቃቸው ነበር።

ስወጣ ቆመህ ነበር። የእኔን ወረቀት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ያንተን ገለጥኩ። "አንብቢልኝ" አልከኝ። አነበብኩልህ። ያ የፈራኸው የለብህም አልኩህ። ስኳር ነው፤ በአንድ ሊትር ደም ሦስት ግራም ከአርባ ደርሷል፤ ዛሬውኑ መርፌ ትጀምራለህ፤ ትድናለህ አልኩህ። ሰው ፊት እጄን እንኳ የማትይዝ ሰውዬ፣ በዚያ ኮሪደር መሀል አቅፈኸኝ እንደ ልጅ አለቀስክ። እንባህ ትከሻዬን አረጠበው። ቀና ብለህ "ያንቺስ?" አልከኝ።

"እኔማ ምን እሆናለሁ" አልኩህ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ወር ታውቀዋለህ፤ ወይም የምታውቅ ይመስልሃል። ጠፋሁብህ። ሥራ በዛብኝ አልኩህ። እውነቱ በየሐሙሱ ያው ወንበር ላይ ነበርኩ። የስኳር ሕመምተኛ ምን እንደሚበላ፣ መርፌውን የት የት እየቀያየረ እንደሚወጋ፣ በረዥም መንገድ ላይ በሙቀት መድኃኒቱን እንዴት እንደሚያቆይ፣ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ ቶሎ ምን እንደሚቀምስ፣ እግሩን በየቀኑ እንዴት እንደሚያይ፤ ከትልቁ መጽሐፍም ከአዲሶቹ መጽሔቶችም እያስተያየሁ ገለበጥኩልህ። የፈረንሳዮቹን ምግብ አውጥቼ በሽሮና በምስር፣ በቆጮና በቂጣ ተካሁልህ። ሐኪሟ ዘንድ ተመልሼ ሄጄ ስህተት እንዳይኖረው ገጽ በገጽ አስረዳኋት፤ ሁለት ቦታ አርማኛለች። ሠላሳ ሁለት ገጽ ሆነ። የታኅሣሥ ገብርኤል ሰሞን ፔካ ዱዝ መጥቼ፣ መኪናህ ሥር ቆሜ፣ ደብተሩን ሰጠሁህ። ደብተሩን እንደሰጠሁህም ያንን ቃል ተናገርኩህ።

እስቲ ልጠይቅህ። በነዚህ አሥራ አራት ዓመታት አንድም ቀን አልገረመህም? በሽተኛ ማስታመም አልችልም የምትል ሴት፣ ሠላሳ ሁለት ገጽ በእጇ ጽፋ ትሰጣለች?

እውነቱን ብነግርህ አትሄድልኝም ነበር። አውቅሃለሁ። "አብረን እንኖራለን" ትለኝ ነበር፤ እናትህን ታስለቅስ ነበር፤ ልጆችህም አይወለዱም ነበር፤ በዚያ ዘመን እንደዚያ ነበር የምናስበው። ተቆጥተህ እንድትሄድ ፈለግሁ። የተቆጣ ሰው አይመለስም ብዬ ነው። ለማንም ሳልናገር የቀረሁት ደግሞ ያ ሰማያዊ ኩባያ ፊቴ ላይ እየተደቀነብኝ ነው። ስለ ባሌም ያኔ ነው የገባኝ፤ ሳንባ ብቻ እንዳልነበር።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ አልቀረም። ያንኑ መጽሐፍ አወርዳለሁ፤ አሁን ግን የምገልጠው መጀመሪያ የገለበጥኩትን ዝርዝር ነው። የሚለውን በቃሌ ያዝኩት፤ የታመመ ሰው የሚኖረው ጥቂት ዓመት ነው ይላል። አንድ ቀን ዓዚዛ ከጀርባዬ መጥታ ገጹን አየችው። ዓይኔንም አየች። መጽሐፉን ቀስ ብላ ከደነችና፣ ከኋላ ያለውን የታተመበትን ዓመት በጣቷ ጠቆመችኝ። ከዚያ ሄዳ የዚያን ወር መጽሔት አምጥታ ከፍታ አስቀመጠችልኝ። መድኃኒት እንደወጣ፣ የሚወስዱትም ሰዎች እንደሚኖሩ የሚናገር ጽሑፍ ነው። አገሩ ውስጥ ሲገባ ቀድማ የሰማችው እሷ ናት፤ ለውጭ አገር ሰውም በነጻ ይሰጣል ብላ፣ እጄን ይዛ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ የወሰደችኝ እሷ ናት። ከ1997 ጀምሮ፣ ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ አንድ ፍሬ እውጣለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት አንድም ቀን አላጓደልኩም። እንደምታውቀው ሰነፍ ነበርኩ፤ ይህን ግን አልሰነፍኩበትም። ወፍሬያለሁ። ብታየኝ አትለየኝም።

ዓዚዛ ጡረታ ወጥታለች፤ አንዳንዴ ልብስ ላሰፋ ብላ ትመጣና ልብሱን ትታ ስናወራ እንውላለን። ማዳም ሂንድ ልጆቿን ተከትላ ባሕር ማዶ ሄደች፤ ስትሄድ የልብስ ስፌት መኪናዋን ለእኔ ተወችልኝ። ያ ትልቅ መጽሐፍ የት እንደደረሰ አላውቅም። አሁን በዚህች ክፍል ደጃፍ የሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች በዓርብ በዓርብ ይመጣሉ፤ የሐኪም ወረቀታቸውን ይዘው። ቁጭ አድርጌ አነብላቸዋለሁ። አንዷም ብትሆን ሳይገባት እንድትሄድ አልፈቅድም። ያላነበብኩት ወረቀት አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ዛሬ ለአንተ አነበብኩት።

አሁን ስለ እግርህ። እባክህ ስማኝ። በጨው ውሃ አትዘፍዝፈው። ላይሰማህ ይችላል፤ አለማመሙ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ስኳር ሕመሙን እንዳትሰማ ያደርግሃል። ይህ ሳምንት ሳያልፍ ሐኪም ይየው። ጸበል ልትጠመቅ ብትሄድም ሂድ፤ በባዶ እግርህ ግን አትሂድ፤ መርፌህንም አትተው። ሰለቸኝ አልክ አሉ። እኔም ይሰለቸኛል። ፍሬዋን መዳፌ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ የማያት ጠዋት አለ። ከዚያ ግን እውጣታለሁ። ይህን የነገርኩህ እንድታዝንልኝ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ሰው ታሞም ረዥም ዘመን እንደሚኖር፣ ለሰውም እንደሚሆን፣ ከእኔው አፍ እንድትሰማው ብዬ ነው።

ደብዳቤውን ለባለቤትህ ብታነብላት አልከፋም። እንዲያውም አንብብላት። እግርህን የምታይልህ እሷ ናት፤ ምን መፈለግ እንዳለባት ትወቅ። ሰላምታዬንም ንገራት፤ ከልብ የመጣ ነው።

መልስ ጻፍልኝ አልልህም። ወሰኑ በሰኔ ይመለሳል፤ "ሐኪም አይቶኛል" የምትል አንዲት ቃል ብቻ ላክልኝ፤ ለእኔ ትበቃኛለች።

ልጆችህን አሳድገህ ለቁም ነገር ሲበቁ ያሳይህ። እጅህን ከሥራ፣ ቤትህን ከሳቅ አያጉድልብህ። በሁለት እግርህ ቆመህ የሴት ልጅህን ሠርግ ደግስ። እኔንም፣ ያኔ ፔካ ዱዝ ላይ ስለተናገርኩህ ይቅር በለኝ።

የድሮ እጮኛህ